የጭስ ማውጫውና የእናቴ መስኮት

በዚያ ዓመት አምቦ ውስጥ መኪናዬን በዓይኑ ያላየ ሰው እንኳ በድምጿ ያውቃት ነበር። ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ጠጠጠጠ ብላ ስትጀምር የሰፈሩ ውሾች አብረዋት ይጮሃሉ። ቢሮ ስደርስ ዘበኛው ገና ሳያየኝ በሩን ከፍቶ ይጠብቀኛል። ሰው ሁሉ አዋቂ ሆነብኝ። አንዱ ሞተሩ አልቋል ይላል፣ አንዱ ዘይት ቀይር ይላል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ሽጣት አለኝ፤ ማን እንደሚገዛት ግን አልነገረኝም።

በሽታዋን በትክክል የነገሩኝ ጎረቤቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ በኦሮምኛ «ኦቦ»፣ አቶ እንደማለት፣ ነው የሚላቸው። ኮፈኑን አስከፍተው እጃቸውን ጠጋ አደረጉ። ጭሱን ከሞተሩ ተቀብሎ ድምፅ ወደሚያፍነው ማርሚታ የሚወስደው ቧንቧ ከሞተሩ ጋር በሚገጥምበት ቦታ፣ በሁለቱ ብረቶች መሃል ገብቶ እንዳያፈስ የሚይዘው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ጭሱ በዚያ በኩል እየሾለከ ነው አሉኝ። ጋራዥ ውሰዳት አሉ። ወሰድኳት። መካኒኩ ነገ ና አለኝ። በማግስቱም ነገ ና አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ነገ ና ሲለኝ አንጀቴ አረረና፣ ምን በወጣኝ፣ እኔው ራሴ እሠራታለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

እውነቱን ለመናገር እኔን ያሳፈረኝ ድምፁ ነበር። ጭሱን ከቁም ነገርም አልቆጠርኩት።

እናቴ ጊንጪ ነው የምትኖረው። ደም ግፊት ስላለባት በየወሩ አምቦ ሆስፒታል ቀጠሮ አላት፤ የማመላልሳት እኔ ነኝ። መኪና ውስጥ ስትገባ የመጀመሪያ ሥራዋ መስኮት መዝጋት ነው። እሷ ብቻ አይደለችም፣ አገሩ በሙሉ እንደዚያው ነው፤ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ታፍኖ በላብ ይጠመቃል እንጂ ጣት የምታህል ክፍተት አይታገስም። ብርድ ይመታኛል ትላለች። የጊንጪ ጠዋት ስለሚበርድ ማሞቂያውንም አስከፍታ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ትቀመጣለች። አምቦ ስንደርስ ራሷን አሟት፣ አቅለሽልሿት፣ እግሯ እየተብረከረከ ትወርዳለች። ንፋስ ነው የመታኝ ትላለች። የቱ ንፋስ! በሚቀጥለው ወር መስኮቱን ይበልጥ ጠርቅማ ትዘጋለች፣ ይበልጥ ትታመማለች።

በመጨረሻ ከዚህ በኋላ አልመጣም አለች። መድኃኒቱም ይቅርብኝ፣ እቤቴ ተቀምጬ እግዜር ያመጣውን እቀበላለሁ አለች። ግፊቷን ካልተቆጣጠረችው ምን እንደሚከተል ሐኪሙ ፊት ለፊት ነግሮናል። እህቷ በዚሁ በሽታ ወድቃ ግማሽ ጎኗ እንደማይታዘዝላት ራሷም ታውቃለች። ቢሆንም እምቢ አለች። ደሜ ፈላ። ሰበብ ነው የምትፈልጊው፣ እኔም እኮ ከጎንሽ ተቀምጬ ነው የምመጣው፣ ንፋሱ አንቺን ብቻ መርጦ ነው የሚመታው ወይ ብዬ ጮህኩባት። እኔንም ራስ ምታት ይይዘኝ ነበር፤ የቢሮ ሥራ ነው እያልኩ አልፌዋለሁ። ብቻ ለምኜም ተቆጥቼም ለአንድ ቀጠሮ እሺ አሰኘኋት። እንደገና ካመመኝ ግን የመጨረሻዬ ነው አለች።

ቀጠሮው ሰኞ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ግቢዬ ውስጥ ኮፈኑን ከፈትኩ። ስልኬ ላይ አንድ ፈረንጅ ይህንኑ ሲሠራ አይቼ ነበር። ሰውየው አንድ ነገር ነፋ ነፋ አደረገበትና ቧንቧውን ያሰረው ዳዶ እንደ ጠርሙስ ክዳን ወጣለት፤ እጁ እንኳ አልቆሸሸም። የእኔዎቹ ግን ዝገው ከብረቱ ጋር አንድ ሆነዋል። ናፍጣ አፈሰስኩባቸው፣ በመዶሻ መታኋቸው፣ ለመንኳቸው፣ ሰደብኳቸው። መፍቻው በተንሸራተተ ቁጥር ጣቶቼ ብረቱ ላይ ይላላጣሉ። ባለቤቴ ብቅ ብላ ምሳ ቀርቧል ስትለኝ፣ ምሳ ምን ያደርግልኛል ብዬ አምባረቅኩባት። ምስኪን፣ ምሳዬን ልትከድን ተመልሳ ገባች።

ከሰዓት በኋላ ከስድስቱ ዳዶዎች አምስቱ ወጡ። ስድስተኛው ከኋላ በኩል ያለው ነው፤ ዓይን አያየውም፣ እጅም በግድ ነው የሚደርስበት። ስጠመዝዘው ቀጭ አለ። ዳዶው የሚታሰርበት ቡሎን ግማሹ ከነዳዶው መዳፌ ላይ ቀረ፣ ግማሹ ሞተሩ ውስጥ። ቁጭ ብዬ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። አዲስ ጓርኒሲዮን ደግሞ ከተማው ውስጥ ፈልጌ አጣሁ፤ እጃጂ ከተማ ያለ ወዳጄ ጋም ደወልኩ፣ የለም። ስለዚህ መካኒኮች ጓርኒሲዮን የሚሠሩበትን ወፍራም ወረቀት ገዝቼ፣ አሮጌውን ላዩ ላይ አድርጌ በመቀስ ቆረጥኩ። ዙሪያውን ሙቀት ይችላል የተባለ ማጣበቂያ ለቀለቅኩና አምስቱን አጠበቅኩ። ስድስተኛውን፣ አምስቱ ይይዙታል ብዬ ተውኩት። ማንም አላየኝም፤ እኔ ግን እያወቅኩ ነው የተውኩት።

ቁልፉን ሳዞር መኪናዋ ጸጥ አለች። ውሾቹ እንኳ ግራ ገባቸው። እሰይ አልኩ፤ ይይልኝ ብዬ መካኒኩ ደጃፍ ሄጄ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩበት።

ሰኞ ማለዳ ጊንጪ ሄጄ እናቴን ጫንኳት። እስቲ ስሚ እማዬ፣ ድምፅ አላት ወይ አልኳት። የላትም፣ እጅህ ይባረክ አለችኝ። የተላላጡትን ጣቶቼን አየት አድርጋ ከንፈሯን መጠጠች። ከዚያ እንደ ልማዷ መስኮቱን ዘጋች፣ ማሞቂያውን አስከፈተች። እኔ ስለ ዳዶዎቹ፣ ስለ መካኒኩ፣ ስለ ፈረንጁ እያወራሁ ነዳሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ደጋግሜ አዛጋሁ፣ ግንባሬን ወጥሮ ያዘኝ። አይደል እማዬ ስላት መልስ የለም። ዞር ስል ራሷን መስታወቱ ላይ ጥላለች። ነጠላው ከፊቷ ወርዷል፣ አፏ ትንሽ ተከፍቷል። ጠራኋት፣ ነቀነቅኋት፣ አትሰማኝም።

እንዴት እንዳቆምኩ አላውቅም። ተሸክሜ አውጥቼ ከማሳው ዳር ሳሩ ላይ አስተኛኋት። ጩኸቴን ሰምተው አህያ የሚነዱ ሁለት ገበሬዎች ሮጠው መጡ፤ አንዱ በጋቢው ያራግብላት ጀመር። ስንት ደቂቃ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። በመጨረሻ ዓይኗን ገለጠች፣ አስመለሳት፣ ዙሪያዋን አየችና ንፋስ ላይ ታስተኛኛለህ እንዴ ብላ ተቆጣችኝ። ገበሬዎቹ ሳቁ። እኔ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

መስኮቶቹን ሁሉ አውርጄ ሆስፒታል አደረስኳት። ኦክስጅን ሰጧት። ሐኪሙ መኪናው ውስጥ ጭስ ይገባል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። ከሰዓት በኋላ እቤቴ አስተኝቻት ኦቦን ጠራኋቸው። እጃቸውን ከኋላ በኩል ሰደው ዳሰሱና የተሰበረውን አገኙት። ሌላው ስለተደፈነ ጭሱ ሁሉ በዚያ በኩል ሾልኮ በማሞቂያው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ነው የሚገባው። ሲያዝኑልኝ እንደሚጠሩኝ በኦሮምኛ ልጄ ብለው ጠሩኝ።

«ኢልመ ኮ» አሉኝ፣ «የዘጋኸው ድምፁን ነው እንጂ ጭሱን አይደለም።»

ገብቼ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ንፋስ አልነበረም፣ ሰበብም አልነበረም፣ የመኪናዬ ጭስ ነው ያመመሽ አልኳት። ስድስተኛውን ቡሎን እያወቅኩ እንደተውኩትም ነገርኳት።

«ሽታውማ ከመጀመሪያውም ይሸተኝ ነበር» አለች።

ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። ጣቶቼን ይዛ የተላላጠውን እያገላበጠች አየች።

«መኪናዬን አጣጣልሽብኝ ብለህ እንዳትቆጣኝ ብዬ ነው» አለች።

መኪናዋን ኦቦ ራሳቸው ወስደው አሠሩልኝ፤ የተሰበረው ቡሎን በድሪል ወጣ፣ ስድስቱም ተሟልተው ታሰሩ። እናቴ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀጠሮ አላስተጓጎለችም። መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ከፍቼ ነው የምነዳው። እሷም ነጠላዋን ተከናንባ፣ ብርድ ልታስመታኝ ነው፣ ለእናትህ አታዝንም ወይ እያለች ከጊንጪ እስከ አምቦ ትነዘንዘኛለች። ትነዝንዘኝ። ዝም ስትል ነው ደንግጬ ዞር የምለው።