ጄኔራሏ ፈቃድ ስትጠይቅ

አክስቴ ቀስ ብላ መናገር አትችልም። ስለ ወገቧ ልታማክር ሐኪም ቤት ከገባች፣ ውጭ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ስለ ወገቧ ሰምቶ ይሄዳል። በዩኒቨርሲቲው የሴቶች ማደሪያ ፕሮክተር ናት፤ የሕንፃውን ቁልፍ ትይዛለች፣ ውኃ መምጣት አለመምጣቱን ታውጃለች፣ በአልጋና በቁም ሳጥን የሚጣሉትን ትዳኛለች። ልጆቹ ፊት ለፊት «እትዬ» ይሏታል፣ ዞር ስትል ደግሞ «ጄኔራሏ»። ታውቃለች፤ ደስ ይላታል እንጂ አይከፋትም።

እኔ ያሳደገችኝ የእህቷ ልጅ ነኝ። ግቢው በር ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፤ ወረቀት ሲባዛ ወሬውም አብሮ ይባዛል። ከምነግራችሁ ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ። ሌላውን የነገረችኝ አክስቴ ናት፤ እሷ ስትነግር ደግሞ ሰዎቹን ሁሉ በየድምፃቸው እያስመሰለች፣ ካስፈለገም ወንበር ላይ እየወጣች ስለሆነ፣ አላየሁም ለማለት ይከብደኛል።

አንድ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። አክስቴ አትጠይቅም፤ ታደርጋለች። ፀጉሬ የሚቆረጠው እሷን ሲሰለቻት ነበር። «ጠገብኩ» ስላት እንደ ሰላምታ ትቆጥረው ነበር እንጂ አንድም ቀን ቁም ነገር ብላ ሰምታው አታውቅም። ማደሪያው ውስጥም ያው ናት። ራሷን ያመማት ልጅ ካለች ዘው ብላ ገብታ መጋረጃ ትከፍታለች፣ ብርድ ልብስ ትገፋለች፣ መራራ ሻይ አፍልታ ታጠጣለች፤ አብዛኞቹ ገና ሻዩ ሲመጣ ሲያዩ ይሻላቸዋል። ፍቅሯ እንደ ክረምት ዝናብ ነው፤ ጃንጥላ ያልያዘ ይበሰብሳል። እኔ በስብሼ ነው ያደግሁት፣ አይቆጨኝም።

አምና ዩኒቨርሲቲው ስለ ጾታዊ ትንኮሳ አዲስ ደንብ አወጣ። ደንቡን ባጭሩ የሚያስረዳውን በራሪ ወረቀት ያባዛሁት እኔ ስለሆንኩ በቃሌ ልወጣው ምንም አልቀረኝም። ፈቃድ ማለት በነፃነትና በግልጽ የተሰጠ እሺታ ነው ይላል። ዝምታ እሺታ አይደለም። ትናንት እሺ ያለ ሰው ዛሬ እምቢ ቢል መብቱ ነው። የሰከረ፣ የተኛ፣ የፈራ ሰው እሺ ብሏል አይባልም፤ ውጤት በሚሰጥና ውጤት በሚጠብቅ ሰው መካከል ደግሞ ፍርሃት መቼም አይጠፋም። ይህ የፊቱ ገጽ ነው። ወረቀቱ ጀርባም ነበረው።

ደንቡን እንዲያውቁ ፕሮክተሮች፣ ጥበቃዎችና የካፌ ሠራተኞች አዳራሽ ተጠርተው ሠለጠኑ። አሠልጣኟ ወጣት የሕግ መምህርት ነበረች። ገና ከመጀመሯ አንድ ሸምገል ያለ ጥበቃ እጁን አወጣ።

«የኔ እህት፣ ሴት ልጅ እኮ አፏ እምቢ ሲል ልቧ እሺ ይላል። ይሄ ድሮም የታወቀ ነው» አለ።

አክስቴ ተነሳች። እንድትናገር የፈቀደላት የለም።

«የማን ልብ ነው እሱ? የኔ አፍና ልብ አንድ ቤት ነው የሚያድሩት። ካላመንክ ባለቤቴን ጠይቅ፤ ሦስት ጊዜ ላግባሽ ብሎኝ ሦስት ጊዜ እምቢ ብዬዋለሁ።»

«ታዲያ እንዴት ተጋባችሁ?» አለ ጥበቃው፣ ያሸነፈ መስሎት።

«በአራተኛው እኔ ጠየቅሁት!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። መምህርቷም አብራ ስቃ «እትዬ፣ ግማሹን ሥራዬን ጨረሱልኝ» አለቻት። በዚህ ምክንያት አክስቴ ደንቡን የጻፈችው ራሷ እስኪመስላት ደረሰች። አንድ ደስጣ ሙሉ በራሪ ወረቀት ከእኔ ወስዳ፣ የማደሪያውን ኮሪደር ከላይ እስከ ታች በሙጫ ለጠፈችው። እንዳይነሳ አድርጋ ነው የለጠፈችው።

ከልጆቿ አንዷን ባለመነጽሯ እላታለሁ። ኬሚስትሪ የምታጠና፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ዝምተኛ ልጅ ናት። ከቤተሰቧ ዩኒቨርሲቲ የገባች እሷ ብቻ ነች፤ እናቷ ስልክ ስትደውልላት «ዶክተሬ» እያለች እንደሆነ ማደሪያው ሁሉ ያውቃል። አንድ ከሰዓት በኋላ አክስቴ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ስትገባ ይህች ልጅ አንድ ሸሚዝ ላይ ካውያ አቁማ ታለቅሳለች። ሸሚዙ ሳይቃጠል አክስቴ ካውያውን አነሳች፣ ልጅቷም ነገሯን ነገረቻት።

የላብራቶሪ አስተማሪዋ ነው። ሁለቱም እጆቿ በብርጭቆ ዕቃ እስኪያዙ ይጠብቅና ከኋላዋ መጥቶ ወገቧን ይይዛል፤ ዕቃውን ካልጣለች ልትገፋው አትችልም። ተው ብትለው «ውጤትሽ እኮ እኔ እጅ ላይ ነው» ብሎ ብቻዋን ቢሮው እንድትመጣ ነገራት። አልሄደችም።

«ለማንም እንዳይናገሩብኝ፣ እትዬ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ገና አላሰብኩበትም» አለቻት።

«እሺ የኔ ልጅ፣ ሆድ ይፍጀው» አለች አክስቴ። እውነቷን ነበር። ሆዷ ግን ከማግስቱ ምሳ ሰዓት አላሳለፈውም። በማግስቱ የመምህራኑ ካፌ ሰው ጢም ብሎ ሳለ ገባች፣ አስተማሪውን ከነሳህኑ አገኘችው።

«አንተ! የሰው ልጅ ወገብ መደገፊያህ ነው? እስቲ ያንን ውጤት የያዘ እጅህን አሳየኝ!»

ሹካ ሁሉ ባለበት ቆመ። ሰውየው «ሴትዮ፣ ምን ማለትሽ ነው?» ብሎ ተነሳ፤ እሷም ምን ማለቷ እንደሆነ አብራራችለት፤ ሁለት ክፍል አልፎ ይሰማ ነበር ይባላል። የልጅቷን ስም አልጠራችም። ግን «የሦስተኛ ዓመት ኬሚስትሪ ተማሪ» ብላለች፣ እዚያ ክፍል ያሉት ሴቶች ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከሰዓት በኋላ እኔ ቤት ወረቀት የሚያባዙ ተማሪዎች ማን እንደሆነች ለይተው ያወሩ ነበር። አንዱ «ውጤት ሲያንሳት ያመጣችው ነገር ነው» አለ። ኮፒውን በሙሉ ጥቁር አድርጌ ሰጠሁት፤ ማሽኑ ነው አልኩት።

አክስቴ አንጀቷ ቅቤ ጠጥቶ ወደ ማደሪያው ተመለሰች። እንደ ልማዷ ዘው ስትል ባለመነጽሯ ሻንጣ ታሽጋለች።

«ልክ ልኩን ነገርኩልሽ!»

«ማን ንገሩልኝ አለዎት?» አለች ልጅቷ። አልጮኸችም። አንድ ጥንድ ካልሲ አጣጥፋ ሻንጣው ውስጥ አስቀመጠች። «እሱ ሳይጠይቀኝ ነካኝ። እርስዎ ሳይጠይቁኝ ተናገሩ። ግቢው ሁሉ ስለኔ ያወራል፣ እኔ ግን እስካሁን አንድ ቃል አልተናገርኩም። ጠዋት ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።»

አክስቴ እኔ ቤት መጥታ የወረቀት ካርቶን ላይ ተቀመጠች። ዝም አለች። እኔ ይህን አይቼ ስለማላውቅ መጀመሪያ የሞተ ሰው አለ ብዬ ደነገጥኩ። የሆነውን ከነገረችኝ በኋላ «የዚያ ወረቀት አንድ ይኖርሃል?» አለችኝ። ሰጠኋት። ገልብጣ ጀርባውን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። አቤቱታ የሚቀርበው ተበዳይ ስትፈቅድ ብቻ ነው ይላል። የሰማ ሰው ምስጢር ይጠብቅ፣ አማራጩን ያሳውቅ፣ ውሳኔውን ለእሷ ይተው ይላል።

«ይሄ ነገር ከመጀመሪያውም ነበር?»

«ነበር።»

«ለካ ሲያነበው የከረመው ግድግዳው ነው» አለችና ፊቷን በሁለት እጆቿ ሸፈነች። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ልጅቷ ትምህርቷን ጥላ ልትሄድብኝ ነው፣ ያባረርኳት እኔ ነኝ።»

አዘንኩላት፤ በጣም አዘንኩላት።  እሷው ተነስታ ወደ ማደሪያው ሄደች፣ የልጅቷን በር አንኳኳች። «ልግባ?» አለች። መልስ የለም። እጇ መያዣው ላይ ደርሶ ነበር፤ መለሰችው። ኮሪደሩ ላይ ቆማ የሚያልፉት ልጆች እየተገላመጡ ሲያዩዋት ጠበቀች። በመጨረሻ «ይግቡ» የሚል ድምፅ መጣ።

«አጥፍቻለሁ» አለች አክስቴ። «ያልሽኝን ሰምቼ የፈለግሁትን ሠራሁ። ሂጂም አልልሽ፣ ቅሪም አልልሽ። ምን ላድርግልሽ?»

«ምንም። ላስብበት።»

«ምንም?»

«ምንም፣ እትዬ።»

አክስቴን ምንም አታድርጊ ማለት ዓሣን አትዋኝ ማለት ነው። ልጅቷ በማግስቱ ጠዋት አልሄደችም፤ ሻንጣዋም አልተፈታም፣ አልጋዋ ሥር እንደታሸገ ተቀምጧል። አክስቴ በየጠዋቱ በክፍሏ በር በኩል ታልፋለች፣ ሻንጣውን በዓይኗ ትፈልጋለች፣ ትንፍሽ ሳትል ትሄዳለች። የታፈነው ሁሉ ቤት ሲደርስ ይወጣል። ሰው ሳታስፈቅድ ምንም ላለማድረግ ምላ ነበርና፣ ባሏን «ሾርባህ ላይ ጨው ልጨምርልህ?» ትለዋለች። «መስኮቱን ልዝጋው?» ትለዋለች። «አጠገብህ ልቀመጥ?» ስትለው ሰውየው ማንኪያውን አስቀመጠ። በኋላ ጓዳ ጠርቶኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ «እውነቱን ንገረኝ፣ ሐኪሙ ምን አላት?» አለኝ። ደህና መሆኗን ለማሳመን ብዙ ለፋሁ። ሲያምነኝ ደግሞ «እንግዲያው ቶሎ አትዳን» ብሎ ሾርባውን ሊጨርስ ተመለሰ።

ከሳምንት በኋላ ባለመነጽሯ እኔ ቤት መጣች። አቤቱታዋን ራሷ ጽፋው ነበር። እያተምኩላት ሳለ አክስቴ ደረሰች፣ አየቻት፣ ደጃፉ ላይ ቀረች።

«እትዬ፣ አቤቱታዬ በኮሚቴ ሲታይ አብራኝ የምትገባ አንድ ሰው ደንቡ ይፈቅድልኛል። እርስዎ እንዲሆኑ እፈልጋለሁ» አለች ልጅቷ። «ግን አንድ ቃል አይናገሩም።»

«አንድ ቃልም?»

«እኔ ይናገሩ እስክልዎት ድረስ፣ አንድም።»

ኮሚቴው በተቀመጠበት ቀን እኔ ሱቄን ዘግቼ የሕንፃው ደረጃ ላይ ስጠብቃቸው ነበር። ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሰብሳቢው የተማሪዎች ዲን፣ ያቺ የሕግ መምህርትና ሌሎች ሁለት አባላት ነበሩ። ዲኑ ደግ ሽማግሌ ነው፤ የተጣላ ሰው ሲያይ ሳያስታርቅ ምሳ አይበላለትም። ልጅቷ የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረች። ድምፅዋ ሁለት ጊዜ ተሰበረ፣ ሁለቱንም ጊዜ ውኃ ጠጥታ ቀጠለች። አስተማሪው ተራው ሲደርስ «እንደ ታናሽ እህቴ አይቼ ነው። ካስቀየምኳት ይቅርታ» አለ።

የዲኑ ፊት በራ። «እንግዲህ ይቅርታ ጠይቋል። እሱም ባለ ትዳር ነው፣ አንቺም ትምህርት አለብሽ። ተጨባበጡና ነገሩ እዚህ ይብቃ። ምን ትያለሽ ልጄ?»

ልጅቷ ዝም አለች። ጠረጴዛውን እያየች ዝም አለች። ዲኑ ትንሽ ጠበቀና እስክሪብቶውን አነሳ።

«መልካም። ዝም ካለች ተስማምታለች ማለት ነው።»

ይህን ያለው ያንን በራሪ ወረቀት ፈርሞ ያወጣው ሰው ራሱ ነው። የክፋት አልነበረም፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲያስታርቅ የኖረበት አፉ ነው ያወጣው። አክስቴ ወንበሯ እስኪንኳኳ ድረስ ብድግ አለች። አፏ ተከፍቷል። ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ፤ ልጅቷ ግን ቀና አላለችም። አክስቴ የታሸገው ሻንጣ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። አፏን ዘጋች፣ ተመልሳ ተቀመጠች፤ እጆቿን ጭኖቿ ሥር ከታ ተቀመጠችባቸው።

«ዝም ያልኩት እያሰብኩ ስለነበር ነው» አለች ልጅቷ። «አሁን ጨርሻለሁ። አልተስማማሁም። አልጨብጠውም። ሥራዬን ሌላ አስተማሪ እንዲያርምልኝ እፈልጋለሁ፤ እሱም ሌላ ልጅ ኋላ እንዳይቆም።»

የሕግ መምህርቷ ጻፈች። ዲኑ እስክሪብቶውን አስቀምጦ «ይቅርታ ልጄ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለ። ወደ ውጭ ወጥተው እንዲጠብቁ ተደረገ፤ ተመልሰው ሲገቡ ውሳኔው ተነበበላቸው። አስተማሪው ከማስተማርም ከላብራቶሪም ታግዷል፣ ሥራዋን ሌላ ሰው ያርመዋል። ልጅቷ ሁለት ጊዜ እንዲነበብላት ጠየቀች፣ ሁለት ጊዜ ተነበበላት።

ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ ልጅቷ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር። «እናቴ ጋ ልደውል ነው። ሻንጣዬንም ልፍታ ነው» አለች። አክስቴ መልስ አልሰጠችም። ፊቷ በርበሬ መስሏል፣ ጉንጮቿ ተነፍተዋል።

«እትዬ፣ ምን ሆኑ?»

አክስቴ በጣቷ ወደ ተዘጋው አፏ ጠቆመች።

ልጅቷ ያኔ ነው የገባት። አቀፈቻትና «ይናገሩ፣ እትዬ። ከፈለጉም ይጩኹ» አለቻት።

«ጎሽ የኔ ልጅ! ጎሽ! ጎሽ!»

እኔ ታች ደረጃው ላይ ሆኜ ከተቀመጥኩበት ዘለልኩ። የየቢሮው በር ተከፈተ። ዲኑ መነጽሩን በእጁ እንደያዘ ብቅ ብሎ «ምንድን ነው ይሄ? እዚህ ሥራ ላይ ነው ያለነው!» አለ።

«ተፈቅዶልኝ ነው!» አለችው አክስቴ።