ዓይን የሌለበት ፀሐይ

ዘህራ ሁለት ልጅ ቀብራለች። የመጀመሪያው ወፍራም፣ ሳቂታ፣ መቱ ገበያ ዳር ካለው የባሏ የጨርቅ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሲቀመጥ ገበያተኛው ሁሉ የሚሳሳለት ነበር። አንዲት መንገደኛ «እንዴት ያምራል!» ብላው አለፈች፤ ሳምንት ሳይሞላ አተኮሰውና ሞተ። ሁለተኛዋም እንደዚያው፤ ተደነቀች፣ ታመመች፣ ሄደች። ወባ ነው ያለ አልጠፋም። ዘህራ ግን ዓይን ነው አለች፤ ዓይን ነው፣ በቃ! እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ስለዚህ ሦስተኛው ልጅ፣ ነዚፍ፣ ሲወለድ ጓዳ ገባ። ጓዳው ከሱቁ ኋላ ነው፤ መስኮት የለውም። ጎረቤት መወለዱን እንጂ መልኩን አያውቅም። ሁለት ዓመት ሞላው፤ አልቆመም። እግሩ እንደ ቀስት ጎብጧል፣ ሲተኛ ጭንቅላቱ ላብ በላብ ይሆናል።

«አንቺ ሴት፣ ከዓይን አድነሽው ሽባ ልታደርጊው ነው?» ያለቻት የግድግዳ ጎረቤቷ ጥሩአየሁ ናት፤ ጠላ ሻጭ፣ ለአፏ መዝጊያ ያልተሠራላት። ባሏ ጀላሉም «ውሰጂው» አለ።

ዘመኑ ከሶሻሊስት አገር ሐኪም የሚመጣበት ነው። መቱ የተመደበው ዶክተር የልጁን እግር ዳሰሰና በቋንቋው አንድ ነገር አጉረመረመ። አስተርጓሚው ድሬሰር ኦላና፣ «አጥንቱ ፀሐይ ተርቧል ነው የሚሉት፣ እትዬ ዘህራ» አላት። ወሩ ሐምሌ ነበር፤ ኢሉባቦር ክረምት ሲገባ ደግሞ ሰማይ መኖሩም ይረሳል። ዶክተሩ ግን ከአገሩ መብራት ይዞ መጥቷል፤ የበረዶ አገር ሕፃናት የሚሞቁት፣ ሰማያዊ ብርሃን የሚረጭ። ልጁ ራቁቱን ሆኖ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ መብራቱ ፊት ይቀመጣል፤ በሩም ይዘጋል።

ዘህራ በደስታ ልትሞት! ዓይን የሌለበት ፀሐይ! ማን ያየዋል፣ ማን ያደንቀዋል? በየሁለት ቀኑ በጋቢ ጠቅልላ፣ ከላይ ዣንጥላ ዘርግታ ታመላልሰው ጀመር። ልጁም ተሻለው፤ አልጋ ተደግፎ ቆመ።

ኅዳር ሲገባ ዝናቡ አባራ። ሰማዩ ወለል አለ። ዘህራ ግን ያው ጋቢ፣ ያው ዣንጥላ። ዶክተሩ በመስኮት አያትና ጭንቅላቱን ያዘ፤ ይህች ሴት ፀሐይ ፍለጋ ስትመጣ ከፀሐይ ተሸፍና ነው የምትመጣው! በዚያው ሰሞን የከተማው ጄኔሬተር አንድ ጊዜ አጓራና የዶክተሩ መብራት ቦግ ብሎ ተቃጠለ። ምትኩ ከባሕር ማዶ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም።

«አይዘኑ» አላት ኦላና ዶክተሩን እያዳመጠ። «መብራቱ የመጣው ፀሐይ ስትጠፋ እንዲተካት ነው። አሁን ወጥታለች። ጠዋት ጠዋት ልብሱን አውልቀው ደጅ ያስቀምጡት።»

«ደጅማ አይሆንም፣ ጋሼ ኦላና። ወላሂ አይሆንም» ብላ ልጇን ጠቅልላ ወጣች።

ሱቁ ውስጥ ማሾ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ በነጭ ጋዝ የሚበራው፣ ዓይን የሚያጥበረብረው። ዘህራ ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ጓዳዋን ዘግታ ማሾውን ትለኩሳለች፤ ልጁን ታራቁታለች፤ የጀላሉን ጥቁር መነጽር አፍንጫው ላይ ትሰካለታለች። ደጅ የእግዜር ፀሐይ በነፃ ይፈሳል፣ እሷ ጓዳ ጋዝ ታቃጥላለች። ልጁ ላበው እንጂ አልጠናም። ጭራሽ አልጋ ተደግፎ መቆሙንም ተወና ቁጭ አለ። ያን ጊዜ ዘህራ ፈራች። ደጅ ብታወጣው ሊሞትባት ነው፤ ጓዳ ብታኖረው ሊሰበርባት። «ያ አላህ፣ የቱን ልምረጥ?» እያለች አለቀሰች።

ጥሩአየሁ በግድግዳው ስንጥቅ ብርሃን አይታ በሩን በርግዳ ገባች።

«በስመ አብ! በጠራራ ፀሐይ ማሾ?»

ራቁቱን መነጽር ያደረገውን ልጅ ስታይ ሳቋ መጣ፤ እግሩን ስታይ ሳቋ ወደ መጣበት ተመለሰ። ነዚፍ መነጽሩን አወለቀና ቀና ብሎ አያት። እውነት ለመናገር ልጁ ሲበዛ ያምራል። ዘህራ የዚያችን ሴት አፍ ታውቀዋለችና ልጇ ላይ ተደፋችበት፤ ቃሉ እስኪወጣ ጠበቀች።

ጥሩአየሁ ሊያመልጣት የነበረውን ቃል ዋጠች። «እንትፍ! እንትፍ! እባክሽ ይሄን አስቀያሚ ከየት አመጣሽው?»

ዘህራ ቀና አለች።

«ነገ ደጅ አውጪው» አለች ጥሩአየሁ። «የሚያልፍ ሁሉ እንዲሰድበው አደርጋለሁ። ያልሰደበው እኔ ቤት ጠላ አይቀምስም።»

በማግስቱ ነዚፍ ግንባሩ ጥላሸት ተቀብቶ ሰሌን ላይ ተቀመጠ። ጥሩአየሁ በርጩማዋን አምጥታ እንደ ዘበኛ አጠገቡ ተሰየመች። ከሁሩሙ ማር የምታመጣው ዱሬቲ እንስራዋን አውርዳ «ፎኪሳ!» አለችው በኦሮምኛ፤ አስቀያሚ ማለቷ ነው። ጠመንጃ ያነገተው አብዮት ጠባቂ ሳይቀር «ኧረ ሲያስጠላ!» እያለ ያልፋል። አንድ ቀን ዶክተሩ በዚያ ሲያልፍ በሚያውቃት አንዲት አማርኛ «ቆንጆ!» አለ፤ ሴቶቹ «እንትፍ! እንትፍ!» ብለው ወረዱበት፤ ደንግጦ ሸሸ። ዘህራ ልጇን አፍሳ ጓዳ ገባች፤ ሌሊቱን እጇን ግንባሩ ላይ አድርጋ አደረች። አላተኮሰውም። ሲነጋ መልሳ አወጣችው።

ጥር ሊያልቅ ሲል፣ ነዚፍ የሱቁን በር ይዞ ቆመ። በሩን ለቀቀ። ተንገዳገደ፣ አልወደቀም፤ እየተውተረተረ ወደ እናቱ መጣ። መንገደኛው ቆመ። ሁሉም ዘህራን አዩ።

ዘህራ ተንበርክካ ተቀበለችው።

«አስቀያሚዬ!» አለች። «የኔ አስቀያሚ! እንዳንተ ያለ አስቀያሚ ምድር ላይ የለም!»

ጥሩአየሁ እንትፍ ልትል አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት።