ጣቃ «ታካ» ሲሆን

ይህ የማዳመጥ ሥራ ያስከፈለኝ የቅዳሜ ገበያዬን ነው። ቅዳሜ ለኮልፌ ጨርቅ ነጋዴ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

የመጀመሪያ ቀን ጦር ኃይሎች አካባቢ ያለ ቢሮ ገባሁ። እኛን የኮልፌ ነጋዴዎች የጠራችን የሰፈራችን ልጅ ኢንጂነር ሐያት ናት። ቢሮው የሚሠራው የድምፅ መልእክት መላኪያ ነው። ኔትዎርክ ሲደክም ድምፁ እንዲያልፍ ይጨመቃል፤ ሲጨመቅ ይጎዳል። የትኛው የመጨመቂያ ዘዴ እንደሚሻል የሚፈርደው ጆሮ ነው። ማዳመጫ አጥልቀን አንድ ዓረፍተ ነገር እንሰማለን፣ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ እንሰጣለን። የትኛው ዘዴ እንደሆነ አይነገረንም።

ከዘዴዎቹ አንዱ ርካሽ ነው፣ ሌላው ሐያት ራሷ የሠራችው። አለቃዋ ልቡ ርካሹ ላይ ነበር። ልዩነት ካልታየ የእሷን እንደሚጥለው እኛው ፊት ነገራት። ስንት ጊዜ የለፋችበት ነው።

ነጥባችን ተሰበሰበ። ሁሉም ሁለትና ሦስት። አለቃው ፈገግ አለ።

ሐያት ግን ከድምፆቹ መሀል ጨርሶ ያልተጨመቀ ደብቃ ኖሯል። እኔን ለብቻ ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንም ያልነካው ነው። ለምን ሦስት ሰጡት?»

«ጥሩ ስለሆነ ነዋ።»

«ታዲያ አምስትስ?»

«ልጄ፣ ዕቃ ፊት ለፊት ተመስግኖ ዋጋው ይወርዳል እንዴ?»

ሌላ ሰው ቢሆን እኛን አባሮ ተማሪ ይሰበስብ ነበር። እሷ ሳቀችና ጥያቄውን ቀየረችው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ድምፅ አከታትላ አሰማችን፤ ነጥብ የለም፣ የቱን እንደምንወስድ ብቻ ጠየቀች። ይሄማ ሥራችን ነው፤ ሁለት ጨርቅ በጣት እንደ መዳሰስ።

ዓረፍተ ነገሩ «ሁለት ጣቃ ጥቁር ጨርቅ ላክልኝ» የሚል ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው መጋረጃ ሻጩ ሸምሱ ማዳመጫውን አወለቀ።

«ይሄኛው ፈረንጅ ነው እንዴ? ታካ ይላል።»

ርካሹ ዘዴ «ጠ»ን እና «ቀ»ን ይበላቸዋል ለካ። ሐያት የለፋችው እነሱን ለማትረፍ ነበር።

ምርጫችንን ለአለቃዋ ወስዳ አልተከራከረችም። እሱኑ አስቀምጣ ማዳመጫ አጠለቀችለት። ሰማ፣ መረጠ፣ ኮራ።

«አላልኩም? ርካሹ ይበቃል።»

«የመረጡት የእኔን ነው» አለችው፣ ድምፅዋን ሳታነሳ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አዳምጫለሁ፤ እንደ እሷ ያለ ፈታኝ ግን አላየሁም። የመጨረሻው ሒሳብ ይኸው፦ የሐያት ዘዴ ሥራ ላይ ዋለ፣ ርካሹ ቀረ። ሰውን ምን ይመስልሃል ከማለት ሁለት አቅርቦ ማስመረጥ ይሻላል።