የዋንዛው ወለል

በንጉሡ ዘመን፣ ከከሚሴ ዳር፣ የጨፋ ሜዳ ሊጀምር ሲል፣ ባለ አንድ ክፍል ጎጆ ነበረችን። ክረምት ሲገባ የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ውሃ ያለብሰዋል፤ የቤታችንም ወለል ከሥር ውሃ ያመነጫል። ሚስቴ በየሳምንቱ በእበት ትለቀልቀዋለች፤ በማግስቱ ይረጥባል። በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ሳል ያዛት።

የክሊኒኩ ድሬሰር መርፌ ወጋትና እኔን ለብቻዬ ጠርቶ፣ ከእርጥብ መሬት ካልተነሳች ክረምቱን አትወጣውም አለኝ። አልጋስ ነበረን፤ ግን ቀኑን ሙሉ የምትውለው ምድጃው ሥር፣ መሬት ላይ ነው። እኔ ደግሞ አናጢ ነኝ። ጣውላ አነጥፍላታለሁ ብዬ ማልኩ።

የአባቴን ዋንዛ በሚያዝያ ጣልኩት፤ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በትልቅ መጋዝ ሰነጠቅነው። ያኔውኑ ማንጠፍ እችል ነበር። ግን ሥራ ያስተማረኝ የደሴ አናጢ፣ ከጣሊያኖች ጋር ቤት ሲሠራ የኖረ ሽማግሌ፣ እርጥብ ጣውላ የሚያነጥፍ ሰው ራሱን ያዋረደ ነው ይል ነበር። ሲደርቅ ይጠምማል፣ መጋጠሚያው አፉን ይከፍታል። በአካባቢው የእንጨት ወለል ያለው የአስተዳዳሪው ቤት ብቻ ስለነበር፣ የእኔን ለማየት የማይመጣ እንደሌለ አውቃለሁ። ስለዚህ ጣውላውን ከታዛው ሥር ደርድሬ፣ ነፋስ እንዲገባበት በመሀል በመሀሉ ጭራሮ አስገብቼ፣ ክረምቱን ሙሉ ጠበቅሁ።

እሷ አልተቆጣችኝም። በሐምሌ አንድ ቀን ጣውላውን ሳገላብጥ አይታኝ፣ ከምድጃው ሥር ሆና፣ «አቦ፣ እንጨቱን ትተህ እኔን ብታደርቀኝ» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። እኔ የሳቅሁት ከልቤ ነበር፤ ዛሬ ያሳፍረኛል።

መስከረም ሲጋመስ አነጠፍኩት። ለምስጥ ብዬ ከሥሩ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀባሁት። ምስማሩን አናቱ እንጨቱ ውስጥ እስኪሰምጥ ድረስ መታሁት፤ ማንም እንዳይነቅለው። ጎረቤቱ ጫማውን እያወለቀ ገባ፣ በእጁ ዳሰሰው፤ ምላጭ የሚያስገባ ክፍተት ያገኘ የለም። እኔም ደረቴን ነፋሁ። እሷ ግን የቆመችበት አራት ቀን ብቻ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። መስከረም ሳያልቅ ሞተች።

በእኛ ዘንድ ሬሳ የሚታጠበው ቤት ውስጥ ነው፤ የእጥበቱ ውሃ የሚወርድበት ጉድጓድ እዚያው ወለሉ ላይ ይቆፈራል። ሳነጥፍ ይህ ጨርሶ ትዝ አላለኝም። ሴቶቹ ውሃቸውን ይዘው ደጅ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በፊት መቀበር አለባት። ምስማሩ አልነቀል አለ። በመጨረሻ መጥረቢያ አንስቼ ፈለጥኩት። ስብርባሪውን የሚያወጣልኝ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ሊያጽናናኝ ብሎ ነው መሰለኝ፣ አንዱን ቁራጭ በዓይኑ አነጣጥሮ እያየ፣ «ማሻ አላህ፣ ልጄ፣ አንዱ እንኳ አልጠመመም» አለኝ። ምነው ዝም ባለ። ዶማውን ተቀብዬ ቆፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ የሰው ቤት ልሠራ ስሄድ፣ በመጀመሪያ ታማሚ አለ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። አለ ካሉኝ እርጥቡን አነጥፋለሁ፤ ሲጠምም ተመልሼ አቃናለሁ። የከሚሴ ሰው እጁ ተበላሽቷል ይለኛል። ይበል።