ያላደረስኩት ፈቃድ

ይህን ነገር የሰማ ካህን የለም። ሚስቴም አልሰማችውም። ንስሐ በገባሁ ቁጥር ስካሬንም፣ ቁጣዬንም፣ ሐሜቴንም እየዘረገፍኩ ይህችን አንዷን ግን ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዣት ተመልሻለሁ። እንግዲህ አንተ የምታነበው፣ ካህን ባትሆንም ስማኝ። አደራህን አታጽናናኝ ብቻ።

ወልድያ ውስጥ ብስክሌት እጠግናለሁ። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ የተራራ ብስክሌት አከራይቼ የሀብሩን ጋራዎች አዞራለሁ። በወጣትነቴ ያሸነፍኩትን ውድድር እያነሱ የሚያሞግሱኝ ሰዎች አሁንም አሉ። እኔም አንገቴን ደፋ አደርጋለሁ፤ ትሕትና ይመስላቸዋል። እኔ ያሸነፍኩት በጉልበቴ ነው? እኔ ያሸነፍኩት ጓደኛዬን አስርቤ ነው።

አያሌው ይባላል። የመርሳ ልጅ ነው፣ ባጃጅ ጠጋኝ ነበር። እሱ ከመርሳ፣ እኔ ከወልድያ ተነስተን ሲሪንቃ ላይ እንገናኝና አብረን ጋራውን እንወጣለን። ዳገት ላይ እሱን የሚይዘው አልነበረም። የብስክሌት ልብስ የሚባል ነገር ያየነው በስልክ ብቻ ስለነበር፣ መቀመጫችን ተልጦ ሲያስቸግረን አያሌው ከአሮጌ የባጃጅ ወንበር ስፖንጅ ቆርጦ በቁምጣ ውስጥ ሰፋ። መጀመሪያ የሰፋው የእኔን ነው። ለእሱ የተረፈው ሳሳ ያለው ስፖንጅ ነበር።

ውድድሩ ሲመጣ ሁለታችንም እንቅልፍ አጣን። ከወልድያ ተነስቶ፣ ሲሪንቃ ላይ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ተራራውን ወጥቶ፣ በኮረኮንች ቁልቁል መርሳ የሚገባ ረጅም ውድድር ነው። አንደኛ የወጣው ለሥልጠና ይወሰዳል ተባለ፣ ሌላው ወደ መፍቻው ይመለሳል። ቀኑ ግን በዐቢይ ጾም ውስጥ የዋለ ሐሙስ ሆነ። አያሌው ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ የማይቀምስ ጾመኛ ነበር። ሌሎቹ፣ ክርስቲያኖቹም ጭምር፣ እግዜር ያውቅልናል ብለው ቁርሳቸውን ሊበሉ ወስነዋል። እሱ ግን ያለ ንስሐ አባቱ ቃል ጉሮሮው አይከፈትለትም።

የንስሐ አባታችን አንድ ነበሩ፣ መምሬ ገብረ ሕይወት፣ እዚሁ ወልድያ። ደውልላቸው ስለው እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይጠየቅም፣ ነውር ነው አለኝ። እኔ ቅርብ ስለሆንኩ ሄጄ እንድጠይቅለት ለመነኝ። እሳቸው ያሉትን አደርጋለሁ አለ።

ሄድኩ። መምሬን ከቅዳሴ ሲወጡ አገኘኋቸው። ነገሩን ስነግራቸው ሳቁ።

«ተራራ ለሚወጣ ልጅማ! በልቶ ይሂድ፣ ውኃውንም ይጠጣ። ስግደት እጨምርለታለሁ፣ ያን ጊዜ ያማርረኛል። አንተም እንደዚያው።»

መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። እምልልሃለሁ፣ ያን ጊዜ በልቤ ምንም ክፋት አልነበረም። ማታ አያሌው ደወለና ምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ።

«አልፈቀዱም» አልኩት።

ይኸው ነው። ሰይጣን አሳሳተኝ እንዳልል ስልኩን ሰይጣን አልያዘልኝም። ዳገቱ ላይ የእሱ ጀርባ ታየኝ፣ ሁልጊዜ የማየው ጀርባ፤ አፌም ቀደመኝ። አያሌው እንግዲህ የእሳቸው ፈቃድ ይሁን አለ። አንተስ ሲለኝ እኔም እንዳንተው ነኝ አልኩት። በነጋታው በሶዬን በጥብጬ ጠጥቼ፣ አፌን ተጉመጥምጬ፣ እሱ የሰፋልኝን ቁምጣ ለብሼ ከጎኑ ተሰለፍኩ።

ዳገቱን አሁንም ቀደመኝ። በባዶ ሆዱ ቀደመኝ። ጫፉ ሊደርስ ሲል ግን ብስክሌቱ ግራና ቀኝ ይል ጀመር። ስደርስበት ከንፈሩ ነጥቷል፣ ዓይኑ እኔን እያየ አያየኝም። ኮዳዬ ውስጥ ውኃ ነበረኝ። ጠጣ፣ ተፈቅዶልሃል ማለት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ያን ጊዜ ብናገር የማጣው አንድ ውድድር ነበር። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኖብኝ አለፍኩት። ቁልቁለቱ ላይ ከኋላዬ የብረትና የድንጋይ ድምፅ ሰማሁ፣ ቀጥሎ የሰው ጩኸት። አልሰማሁም አልልም። ፍሬን አልያዝኩም። መርሳ ገብቼ በጭብጨባ መካከል ቆምኩ፣ የእሱ እናት ሳይቀሩ ልጃቸው ከኋላ የሚመጣ መስሏቸው እልል አሉልኝ።

የአያሌው ዳሌ ተሰብሮ ነበር። ታክሞም እግሩ አጠረ፤ ብስክሌት ላይ ዳግመኛ አልወጣም። መምሬ ሆስፒታል ሊጠይቁት መጡ። አያሌው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረባቸው፣ እሳቸውም ሕመሙ ነው ብለው ጸልየው ወጡ። ግቢ ውስጥ ለብቻዬ ጠሩኝ።

«ያልኩህን ነግረኸው ነበር አይደል?»

«ነግሬው ነበር አባ። እሱ ነው እምቢ ያለ።»

ለገዛ ንስሐ አባቴ! ያውም መስቀላቸው በእጃቸው እያለ። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁና አይ ልጅነት አሉ።

እኔ ለሥልጠና ተወሰድኩ። ትክክለኛውን የብስክሌት ቁምጣ፣ ለስላሳውን፣ ያን ጊዜ ለበስኩ። ሲመቸኝ ጊዜ አለቀስኩ ብልህ ደስ ይልህ ነበር፤ አላለቀስኩም። ብዙም ሳልቆይ ከቡድኑ ተቀነስኩና ተመለስኩ። ስመለስ አያሌው መርሳ ላይ የመለዋወጫ ዕቃ ይሸጣል። ከቤተ ክርስቲያን ርቋል። ሰው የሚራብበትን ተራራ የማያውቅ ቄስ ምን ያደርግልኛል ይላል። እኔ ይህን ሲናገር አጠገቡ ተቀምጬ ሻይ እጠጣለሁ፤ ቅር አይበልህ እያልኩ። መምሬ ደግሞ ባገኙኝ ቁጥር ያ ልጅ ምነው ጠፋ ይሉኛል፣ ሰላም በልልኝ ይሉኛል። አንድም ቀን ሰላምታቸውን አላደረስኩም። ያደረስኩ እንደሆነ ሁለቱ ይገናኛሉ፣ ከተገናኙ ይነጋገራሉ። ለእኔ ክብር ሲባል አባትና ልጅ ተለያይተው ይኑሩ!

መምሬ አረፉ። ወልድያ ነቅሎ ወጣ፣ ከመርሳም ሰው በመኪና መጣ። አያሌው አልቀበረም። በእኛ አገር የንስሐ አባቱን ያልቀበረ ሰው ምን እንደሚባል አንተም ታውቃለህ፤ ተባለበትም።

ከዚያ በኋላ ነው ያልቻልኩት። በቅርቡ መርሳ ሱቁ ድረስ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኩት። በሶውንም፣ ኮዳውንም፣ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የተናገርኩትንም። በከዘራው ቢመታኝ ብዬ አጠገቡ ነበር የተቀመጥኩት። ስለ እግሩ የሚለኝን ሁሉ ለመሸከም ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን እጁን ዕቃዎቹ ላይ እንዳደረገ፦

«እኔኮ አልቀበርኳቸውም» አለኝ።

ስለ እግሩ አንድም ቃል አልተናገረም። ሱቁን ቆለፈና መቃብራቸውን አሳየኝ አለ። ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚኒባስ ተሳፈርን። ሲሪንቃን ስናልፍ እኔ ወደ ጋራው አየሁ፣ እሱ አላየም።

መቃብሩ ጋ ስንደርስ ከዘራውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ያ አልታጠፍ የሚል ዳሌው እንዴት እንደታዘዘለት አላውቅም፣ በግንባሩ ተደፋ።

«አባ፣ ይፍቱኝ» አለ። «ሳላውቅ ጠላሁዎት። ይፍቱኝ።»

ያን ቃል ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። የበደልኩት እኔ፣ የዋሸሁት እኔ፣ ያለያየኋቸው እኔ። እኔ ግን ጉልበቴ ደህና ሆኖ ሳለ ከኋላው ቆሜ ቀረሁ። እሱ ሲነሳ እጄን ዘረጋሁለት። አልያዘውም።