«የማን ምትክ ነህ?»

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር... ኮልፌ ያለው ቤታችን ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሳጠና በር ተንኳኳ። ጃንሆይ ከመውረዳቸው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ።

ስከፍት አንድ ከሲታ፣ ፀሐይ ያጠቆረው ሰውዬ ቆሟል።

«የአቶ ወልዴ ቤት ይሄ ነው? ገመድ የሚሸጡት?»

«አዎ። አሁን ግን የሉም፣ ገበያ ናቸው።»

«አንተስ ማነህ?»

«ልጃቸው ነኝ። ምትኩ እባላለሁ።»

ሰውዬው ከላይ እስከ ታች አየኝና... «የማን ምትክ ነህ?» አለኝ።

ይሄን ጥያቄ ለምጄዋለሁ። ስሜን የሰማ ሁሉ ይጠይቀኛል፣ እኔም መልሱን እንደ ዳዊት እደግመዋለሁ። «ተፈራ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረኝ። የጭነት መኪና ረዳት ነበር። እኔ ከመወለዴ በፊት የጅማ መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። በዓመቱ እኔ ስወለድ ምትኩ አሉኝ።»

ሰውዬው ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«የት ተቀበረ?»

«ቀራንዮ መድኃኔዓለም።»

«አስከሬኑ መጣ?»

«መጥቷል እንጂ! ተዝካሩም ወጥቷል።»

«ተፈራ እኮ እኔ ነኝ» አለኝ... ቀስ ብሎ፣ ጥፋት እንደሚናዘዝ ሰው።

አላመንኩትም። ሌባ ወይ እብድ ነው ብዬ በሩን ይዤ ቆምኩ። እሱም አልተከራከረኝም። እናቴ ዘንቢሏን አንጠልጥላ እስክትመጣ ሁለታችንም እዚያው ነበርን፣ እሱ ተቀምጦ እኔ ቆሜ።

እናቴ አየችው። አልጮኸችም። ዘንቢሏን አስቀምጣ ቀረበችና አገጩን ይዛ ቀና አደረገችው።

«የፊት ጥርሶችህን ምን አደረግካቸው?» አለችው።

የወደቀችው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰፈሩ ተሰበሰበ። ግማሹ እልል ይላል፣ ግማሹ ደግሞ ግራ ገብቶት ያለቅሳል። አባቴ ከገበያ ተጠርቶ መጣ። ልጁን አቅፎ ሲበቃው ግን ሁሉም የፈራውን ጥያቄ ጠየቀ።

«ታዲያ እኛ የቀበርነው ማንን ነው?»

ወንድሜ መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ። ያን ጊዜ ወሊሶ ሲደርሱ ወባ አንቀጥቅጦት ከመኪናው ወረደ። በእሱ ምትክ እዚያው ጭነት የሚያወርድ ጓደኛው ረዳት ሆኖ ተሳፈረ። በማግስቱ መኪናው ጊቤ በረሃ ገደል ገብቶ እንደተቃጠለ ሲሰማ «የሰው ልጅ አስገደልክ» እባላለሁ ብሎ ጠፋ። ሁመራ ወርዶ ሰሊጥ ሲያጭድ ኖረ። ለካ ሬሳው ስለማይለይ፣ ረዳቱም እሱ ስለነበረ፣ «ይሄ ተፈራ ነው» ተብሎ ለኛ መጥቷል።

«ስሙስ ማነው?» አለች እናቴ።

«ቀዮ ነበር የምንለው። ሌላ ስሙን አላውቅም። አገሩንም ነግሮኝ አያውቅም።»

አንዷ ጎረቤታችን ወሬ ለመለወጥ ይመስለኛል፣ «የዚህንስ ልጅ ስም እንግዲህ ቀይሩት!» ብላ ወደኔ ጠቆመች። ሁሉም ሳቀ። እኔ ሳቅም ለቅሶም አልመጣልኝም። የትምህርት ቤቱ ወረቀት ሁሉ ምትኩ ይላል፣ ማን በየቢሮው ይንከራተታል ብዬ ተውኩት።

እናቴ በዓመት አንዴ፣ ልጇ በሞተበት ቀን፣ መቃብሩ ላይ ጸሎት ታስደርግ ነበር። ቀኑ ሲደርስ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች።

አባቴ ደነገጠ። «ልጅሽ እዚህ ቁጭ ብሎ ገንፎ እየበላ ወዴት ነው?»

«የዚያኛው እናት ልጇ የት እንደወደቀ አታውቅማ! እሷ እስክትመጣ በእሷ ምትክ እኔ አለቅስለታለሁ።»

ወንድሜ ማንኪያውን አስቀምጦ ተነሳ። እኔም ተከተልኳቸው።

መቃብሩ ጋ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው፣ «የክርስትና ስሙን ማን ልበል?» ብለው ጠየቁ።

«እኔ እንጃ አባቴ» አለች እናቴ። «እርስዎ ብቻ 'ያን ልጅ' ይበሉት። እግዜር ማንን እንዳልን አይጠፋውም።»

እስክትሞት ድረስ አንድም ዓመት አላጓደለችበትም።