ለዳሽቦርዱ የበግ ፀጉር

ልጄ ፉአድ፣ ፋሲሎ ሰፈር ባለው ግቢያችን ውስጥ፣ በባትሪ የምትሄድ ሰው የምትጭን ትንሽ መኪና እየሠራ ነው። ትናንት ከአሮጌ ፍራሽ የተቆረጠ ስፖንጅ ይዞ መጣና፣ «እማ፣ ይሄ ለዳሽቦርዱ ይሆናል? ለመንገድ ፈቃድ ምርመራ ላቀርባት ነው» አለኝ። መኪናዋ ታስፈራኛለች። ትምህርቱንም ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥሁት፤ ስለ ባትሪው ብጠየቅ አላውቅም። ስለ ልስላሴ ግን አውቃለሁ።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ጣና ዳር፣ አባቴ ደንገል ከሚባለው የሐይቅ ዳር ቄጠማ ታንኳ በሚሠራበት ግቢ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ የተጣለ የመኪና አካል ሰብስቦ፣ ቆርቆሮ ቀጥቅጦ፣ ሰውም ዓሣም ወደ መራዊ ከተማ የምታደርስ መኪና ሠራ። ከመሪው ፊት ያለው ሁሉ ባዶ ብረት ነበር። ለምርመራ ሲያቀርባት መርማሪው ዳሽቦርዱን በጉልበታቸው ገፋ አደረጉና፣ «ፍሬን ሲያዝ የሰው ግንባር የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ለስላሳ ነገር አልብሰህ አምጣት» ብለው መለሱት። አባቴ ደግሞ ግቢው ስለጠበበው፣ ዳግመኛ ከወደቀች ፈታትቶ እንደሚጥላት ቁርጡን ነገረው።

ሰይድ የታንኳ ሠሪ ልጅ ነውና ለስላሳ ሲባል ከደንገል ሌላ አልታየውም። ደረቅ ደንገል ቀላል ነው፣ ሲጫኑት ገባ ይላል፣ ግቢውም ሙሉ አለ። ደልድሎ ሸራ አለበሰው፤ እኔ ሰፋሁለት። ውሃ ላይ ተሸክሞን የኖረ ነገር መንገድ ላይ ይጎዳናል ብሎ ማን ያስባል።

መስከረም ነበር፤ ከሰል ላይ እሸት በቆሎ እንጠብሳለን። ፍንጣሪ ዘሎ መሬት የወደቀ የደንገል ቁራጭ ላይ አረፈ። ቦግ ብሎ ወዲያው አለቀ። በቆሎው ከእጄ ወደቀ፤ መኪና ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ ተሳፋሪ ታየኝ።

ለሰይድ ስነግረው ሳቀ። መርማሪው የጠየቁት ልስላሴ እንጂ የእሳት ነገር አይደለም አለኝ። እኔ መከራከር አልችልም፤ ስፈራ እጄ ነው የሚሠራው። ስፖንጅ ቆርጬ ፍሙ ላይ ጣልሁ፤ ጥቁር ጭስ አውጥቶ እንደ ሰም ተንጠባጠበ። ጥጥም ጣልሁ፤ ውስጥ ለውስጥ እየጨሰ አለቀ። ከአሮጌው ባና ብርድ ልብሳችን የመዘዝሁት የበግ ፀጉር ግን ተኮማተረ፣ ከረፋ፣ እሳቱም ወዲያው ጠፋበት። ስፌቱን ተርትሬ ደንገሉን አወጣሁና ባናውን ቆራርጬ፣ ደራርቤ፣ ጠቅጥቄ ሰፋሁት።

ሰይድ ሲያይ፣ «አንቺ ልጅ፣ መኪናዬን በግ ልታደርጊያት ነው?» አለኝ።

«በግ ትሁን፤ ሰው አታቃጥል እንጂ» አልሁት።

ለምርመራው አብሬው ሄድሁ። መርማሪው በጉልበታቸው ገፉት፤ አልጎረበጣቸውም። ከዚያ ክብሪት አወጡና፣ «ምን ጠቀጠቃችሁበት?» አሉ። ሰይድ ወደ እኔ ዞረ።

«የበግ ፀጉር ነው፣ ጌታዬ። ይለኩሱት» ብዬ ከስፌቱ ጥግ መዝዤ ሰጠኋቸው።

ለኮሱት። ከረፋ፣ ጠፋ። አፍንጫቸውን ይዘው ፈረሙልን።

ፉአድ ፈሪ ነሽ ይለኛል፤ አልክድም። ያቺን መኪና የሠራት የሰይድ ድፍረት ነው፤ ያሳለፋት ግን የእኔ ፍርሃት ነበር። ዛሬ ጠዋት የበግ ፀጉር ገዝቼ፣ አጥቤ ፀሐይ ላይ አስጥቻለሁ። ሰፍቼ ስጨርስ የራሴን ግንባር አጋጭቼ እሞክረዋለሁ። ካላመመኝ ወደ መርማሪ ይውሰዳት።